ከአውሮፕላን ማረፊያ እስከ መሀል ከተማ፡ የአጭር ቆይታ ሂሳብ

አንድ መንገደኛ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ላይ ቦሌ ዓለም አቀፍ አውሮፕላን ማረፊያ ደረሰ እንበል። ቀጣዩ በረራው የሚነሣው ከቀኑ 7 ሰዓት ነው። በመካከሉ 6 ሰዓት አለው። ይህ ሰው እ.ኤ.አ. በ1974 ሐዳር ላይ ስለተገኘችው ድንቅነሽ (ሉሲ) በትምህርት ቤት ተምሯል፤ የአፅሟ ቅጂ ለሕዝብ የሚታየው ደግሞ አምስት ኪሎ በሚገኘው ብሔራዊ ሙዚየም ነው። ከአውሮፕላን ማረፊያው ወጥቶ ሙዚየሙን ጎብኝቶ መመለስ ይችላልን? ወይስ ስድስቱን ሰዓት በመጠባበቂያ አዳራሽ ተቀምጦ ማሳለፍ ይሻለዋል?

ጥያቄው ሲታይ ቀላል ይመስላል። ብዙዎቻችን «ከቦሌ አምስት ኪሎ ቅርብ ነው፤ ምን ችግር አለው?» እንላለን። ይሁን እንጂ «ቅርብ» የሚለው ቃል በኪሎ ሜትር ሲለካና በደቂቃ ሲለካ አንድ አይደለም። በተለይም ጊዜው አጭር ሲሆን ከርቀትም ሆነ ከተሽከርካሪው ፍጥነት ይልቅ የሚወስነው ሌላ ነገር አለ። በዚህ ጽሑፍ ከፊዚክስና ከስታቲስቲክስ ጥቂት መሣሪያዎችን በመዋስ ያ ነገር ምን እንደሆነ ደረጃ በደረጃ እንመለከታለን። በመጨረሻም ወደ መንገደኛችን ተመልሰን ጥያቄውን በቁጥር እንመልሳለን።

1. አውሮፕላን ማረፊያ ከከተማ ለምን ይርቃል?

ከመስቀል አደባባይ እስከ ቦሌ ያለው ርቀት 5 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ይህ በዓለም ታላላቅ ከተሞች ዘንድ የተለመደ አይደለም። የለንደኑ ሂትሮው ከመሀል ከተማው በስተምዕራብ ከ20 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። በዋሽንግተን አቅራቢያ የሚገኘው ደለስ ከከተማው መሀል 42 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ነው። የቶኪዮው ናሪታ ደግሞ ከ60 ኪሎ ሜትር ያላነሰ ርቀት አለው።

ለዚህ ዋና ዋናዎቹ ምክንያቶች ሦስት ናቸው። አንደኛው ድምፅ ነው፤ አውሮፕላን ሲነሣና ሲያርፍ የሚያሰማው ድምፅ በበረራው መስመር ሥር የሚኖረውን ሕዝብ ያውካል። ሁለተኛው የቦታ ስፋት ነው፤ ማረፊያው እያደገ በሄደ መጠን ተጨማሪ ማኮብኮቢያና ተርሚናል ይጠይቃል፤ ከተማ ከከበበው ግን የሚስፋፋበት መሬት አያገኝም። ሦስተኛው የማኮብኮቢያው ርዝመት ነው።

ይህ ሦስተኛው ነጥብ ለአዲስ አበባ የተለየ ትርጉም አለው። ቦሌ ከባሕር ወለል በላይ 2,334 ሜትር ከፍታ ላይ ይገኛል። በዚህ ከፍታ የአየር እፍጋት ከባሕር ወለሉ በ20 በመቶ ገደማ ያንሳል። አውሮፕላንን ወደ ላይ የሚያነሣው ኃይል ከአየሩ እፍጋትና ከፍጥነቱ ካሬ ጋር ስለሚመጣጠን፣ እፍጋቱ ወደ 0.8 ሲወርድ ያንኑ ክብደት ለማንሣት ፍጥነቱ በ12 በመቶ ገደማ መጨመር ይኖርበታል። ለመንደርደር የሚያስፈልገው ርቀት ደግሞ ከፍጥነት ካሬ ጋር ስለሚያድግ ማኮብኮቢያው በዚህ ምክንያት ብቻ በሩብ ያህል ይረዝማል። ሞተሩም በሳሳ አየር ውስጥ የሚሰጠው ግፊት ስለሚቀንስ ጭማሪው ከዚህ ይበልጣል። አለዚያ አውሮፕላኑ ጭነቱን ወይም ነዳጁን ቀንሶ መነሣት ይገደዳል። በመሆኑም ሰፊ፣ ሜዳማና ከፍታው ዝቅ ያለ ቦታ ፍለጋ ማረፊያዎች ከከተማ ይሸሻሉ።

ማረፊያው ከራቀ ዘንድ መንገደኛውን ወደ ከተማ የሚያመጣው ምንድን ነው? ብዙውን ጊዜ የሚሰጠው መልስ «ፈጣን ባቡር» የሚል ነው። እስቲ ፍጥነት ብቻውን ምን ያህል እንደሚጠቅም እንመርምር።

2. ፍጥነት ምን ያህል ይጠቅማል?

በቻይና ሻንጋይ ከተማ፣ ከፑዶንግ አውሮፕላን ማረፊያ ተነሥቶ 30 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ፣ በማግኔት ኃይል ከሐዲዱ ከፍ ብሎ የሚንሳፈፍ ባቡር አለ። እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ መደበኛ አገልግሎት ሲሰጥ ከፍተኛው ፍጥነቱ 431 ኪሎ ሜትር በሰዓት ነበር። ጉዞውንም በ7 ደቂቃ ከ20 ሰከንድ ይፈጽም ነበር። እ.ኤ.አ. ከ2021 ወዲህ ግን ከፍተኛ ፍጥነቱ ወደ 300 ኪሎ ሜትር በሰዓት ዝቅ ተደርጓል። ፍጥነቱ በ30 በመቶ ሲቀንስ የጉዞው ጊዜ በምን ያህል ይረዝማል?

ባቡሩ ከቆመበት ተነሥቶ እኩል እየፈጠነ ወደ ከፍተኛ ፍጥነቱ ይደርሳል፤ በዚያ ፍጥነት ይጓዛል፤ ከዚያም በዚያው መጠን እየቀነሰ ይቆማል ብለን እናስብ። ጊዜውን «ጊ»፣ ርቀቱን «ር»፣ ከፍተኛውን ፍጥነት «ፍ»፣ በየሰከንዱ የሚደረገውን የፍጥነት ለውጥ ደግሞ «ለ» ብንላቸው የሚከተለውን ቀላል ቀመር እናገኛለን፡-

ጊ = (ር ÷ ፍ) + (ፍ ÷ ለ)

የመጀመሪያው ክፍል ባቡሩ መንገዱን ሁሉ በከፍተኛ ፍጥነቱ ቢጓዝ የሚወስድበት ጊዜ ነው። ሁለተኛው ክፍል ለመነሣትና ለመቆም የሚከፈል ቅጣት ነው። ልብ እንበል፤ ፍጥነት ሲጨምር የመጀመሪያው ክፍል ያንሳል፤ ሁለተኛው ግን ያድጋል።

አሁን ቁጥሮቹን እናስገባ። 431 ኪሎ ሜትር በሰዓት ማለት 119.7 ሜትር በሰከንድ ነው። 30,000 ሜትርን በዚህ ስናካፍል 251 ሰከንድ ገደማ ይሆናል። አጠቃላዩ ጊዜ 440 ሰከንድ ስለነበረ ለመነሻና ለመቆሚያ የዋለው 189 ሰከንድ ነው፤ ከዚህም «ለ» 0.63 ሜትር በሰከንድ ካሬ መሆኑን እናገኛለን። ባቡሩ ከ30 ኪሎ ሜትሩ ውስጥ ወደ 23 የሚጠጋውን የሚጓዘው እየፈጠነ ወይም እየቀነሰ ነበር ማለት ነው። በዚያ ስመ ጥር ከፍተኛ ፍጥነቱ የሚቆየው 1 ደቂቃ ለሚያህል ጊዜ ብቻ ነበር።

ፍጥነቱን ወደ 300 ኪሎ ሜትር በሰዓት (83.3 ሜትር በሰከንድ) ብናወርደውስ? 360 ሲደመር 132፣ 492 ሰከንድ፣ ማለትም 8 ደቂቃ ከ12 ሰከንድ ይሆናል። ልዩነቱ አንድ ደቂቃ እንኳ አይሞላም። ወደ 200 ኪሎ ሜትር በሰዓት ብናወርደው እንኳ ጉዞው 10 ደቂቃ ተኩል ያህል ይፈጃል። ከፍጥነቱ ከግማሽ በላይ ጥለን የከፈልነው 3 ደቂቃ ብቻ ነው።

በተጨማሪም ይህ ባቡር መሀል ከተማ ድረስ አይገባም። የመጨረሻ ጣቢያው ሎንግያንግ መንገድ ስለሆነ መንገደኛው ከዚያ ወርዶ በከተማው የምድር ውስጥ ባቡር ወይም በታክሲ ጉዞውን መቀጠል ይኖርበታል። በሰማይ ያህል ፍጥነት የተገኙት ደቂቃዎች ጣቢያ በመቀየርና በመጠበቅ ሊጠፉ ይችላሉ። የአገራችን ሰው «የቸኮለ አፍስሶ ይለቅማል» የሚለው ለዚህም ይሠራል።

3. የመጠበቅ ሂሳብ

ባቡር ወይም አውቶቡስ በየ10 ደቂቃው ይመጣል ከተባለ ሰዓቱን ሳናይ ብንሄድ በአማካይ 5 ደቂቃ እንጠብቃለን። አንዳንዴ ወዲያው ይደርስልናል፤ አንዳንዴ እስከ 10 ደቂቃ እንቆያለን፤ መካከለኛው 5 ነው። ይህ ትክክል የሚሆነው ግን መጓጓዣው ልዩነቱን ጠብቆ ሲመጣ ብቻ ነው።

አሁን ደግሞ አውቶቡሱ አንድ ጊዜ ከ2 ደቂቃ በኋላ፣ ቀጥሎ ከ18 ደቂቃ በኋላ እየተፈራረቀ ይመጣል እንበል። አማካይ ልዩነቱ አሁንም 10 ደቂቃ ነው፤ በሰዓት የሚመጡት አውቶቡሶችም ቁጥር ያው 6 ነው። ታዲያ አማካይ ጥበቃችንም 5 ደቂቃ ይሆናልን?

አይሆንም። በየ20 ደቂቃው ውስጥ 18ቱ ደቂቃ የረጅሙ ክፍተት ነው። ስለሆነም ወደ ማቆሚያው ስንደርስ ረጅሙ ክፍተት ላይ የመውደቃችን ዕድል ከ10 ዘጠኝ ነው። በዚያ ክፍተት አማካይ ጥበቃ 9 ደቂቃ፣ በአጭሩ ክፍተት ደግሞ 1 ደቂቃ ነው። 0.9 ሲባዛ በ9፣ ሲደመር 0.1 ሲባዛ በ1፣ ድምሩ 8.2 ደቂቃ ይሆናል። አንድም አውቶቡስ ሳይቀነስ፣ ሥርዓቱ ስለተዛባ ብቻ ጥበቃው ከ5 ወደ 8.2 ደቂቃ ከፍ አለ።

ማቆሚያ ላይ ቆመን «ዛሬ ዕድሌ ጠማማ ነው» የምንለው ብዙውን ጊዜ የዕድል ጉዳይ አይደለም፤ ሂሳቡ ራሱ ረጅሙን ክፍተት ወደ እኛ ያመጣዋል። ሰው ሲሞላ ብቻ የሚነሣ ሚኒባስ ታክሲም በዚሁ ሕግ ይገዛል፤ መነሻ ሰዓቱ ስለማይታወቅ ጥበቃው ይረዝማል፤ ከሁሉም በላይ ግን መጠኑን አስቀድሞ ማወቅ አይቻልም።

4. መቀየር ምን ያስከፍላል? የለንደን ምሳሌ

ከሂትሮው ወደ ለንደን የሚወስዱ ሦስት የሐዲድ አገልግሎቶች አሉ። እ.ኤ.አ. በ1977 የደረሰው የፒካዲሊ መስመር በየጣቢያው እየቆመ በዝግታ ይጓዛል። እ.ኤ.አ. በ1998 የተከፈተው ሂትሮው ኤክስፕረስ በየ15 ደቂቃው እየተነሣ በ15 ደቂቃ ውስጥ ፓዲንግተን ጣቢያ ይደርሳል። እ.ኤ.አ. በ2022 አገልግሎት የጀመረው የኤልሳቤጥ መስመር ደግሞ እስከ ፓዲንግተን 30 ደቂቃ ገደማ ይፈጃል፤ ሆኖም እዚያ ሳያቆም ከተማውን ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ አቋርጦ ይሄዳል።

በፍጥነት ብቻ ከመዘንነው ኤክስፕረሱ በእጥፍ ይበልጣል። ነገር ግን መንገደኛው የሚፈልገው በከተማው ምሥራቃዊ ክፍል የሚገኘውን ሊቨርፑል ስትሪት ጣቢያ ቢሆንስ? በኤክስፕረሱ ለመሄድ በአማካይ 7.5 ደቂቃ ጠብቆ፣ 15 ደቂቃ ተጉዞ፣ ፓዲንግተን ላይ ሻንጣውን ይዞ በግምት 7 ደቂቃ ተራምዶ፣ 2 ደቂቃ ጠብቆ፣ ሌላ 11 ደቂቃ ይጓዛል። ድምሩ 42 ደቂቃ ተኩል ነው። በኤልሳቤጥ መስመር ቀጥታ ቢሄድ በአማካይ 5 ደቂቃ ጠብቆ 40 ደቂቃ ገደማ ይጓዛል፤ ድምሩ 45 ደቂቃ ይሆናል። የ15 ደቂቃው ብልጫ ወደ 2 ደቂቃ ተኩል ወረደ። የኤክስፕረሱ ዋጋ ደግሞ ከሌሎቹ ከፍ ያለ ነው።

ከዚህ የምንማረው ጉዞን ከጣቢያ እስከ ጣቢያ ሳይሆን ከደጅ እስከ ደጅ መለካት እንደሚገባ ነው። ሆኖም እስካሁን የተነጋገርነው ስለ አማካይ ጊዜ ብቻ ነው። ዋናው ቁም ነገር ገና ከፊታችን አለ።

5. መሄድና መመለስ እኩል አይደሉም

ወደ ከተማ ስንሄድ 30 ደቂቃ ብንዘገይ የምናጣው 30 ደቂቃ ነው። ወደ አውሮፕላን ማረፊያ ስንመለስ ግን ከመዝጊያው ሰዓት በ1 ደቂቃ ብንዘገይ የምናጣው በረራውን ነው። የመሄድ ኪሣራ ከመዘግየቱ ጋር በተመጣጠነ መንገድ ያድጋል፤ የመመለስ ኪሣራ ግን እንደ ገደል በአንድ ነጥብ ላይ ያሽቆለቁላል። ስለዚህ ስንሄድ አማካዩን ማወቅ ይበቃናል፤ ስንመለስ ግን ጊዜው ከአማካዩ ምን ያህል እንደሚዋዥቅ ማወቅ ግድ ይለናል። ይህን መዋዠቅ በስታቲስቲክስ የምንለካው ስታንዳርድ ዲቪዬሽን በሚባለው መለኪያ ነው።

ለምሳሌ ሁለት መንገዶች አሉ እንበል። «ሀ» የተባለው መንገድ በአማካይ 25 ደቂቃ ይፈጃል፤ ስታንዳርድ ዲቪዬሽኑ 15 ደቂቃ ነው፤ አንዳንዴ ፍጹም ባዶ፣ አንዳንዴ ደግሞ በተሽከርካሪ የተጨናነቀ ነው። «ለ» የተባለው በአማካይ 35 ደቂቃ ይፈጃል፤ ስታንዳርድ ዲቪዬሽኑ ግን 3 ደቂቃ ብቻ ነው። ከ100 ጉዞ በ98ቱ ገደማ በሰዓታችን ለመድረስ ብንፈልግ፣ የተለመደውን የደወል ቅርጽ ስርጭት ከወሰድን፣ አማካዩ ላይ የስታንዳርድ ዲቪዬሽኑን ሁለት እጥፍ መጨመር አለብን። «ሀ» 25 ሲደመር 30፣ 55 ደቂቃ ይሆናል። «ለ» 35 ሲደመር 6፣ 41 ደቂቃ ይሆናል።

እነሆ፣ በአማካይ ዘገምተኛ የሆነው መንገድ ለሚመለስ ሰው ፈጣኑ ሆነ! ለመሄድ «ሀ»ን፣ ለመመለስ «ለ»ን መምረጥ ብልህነት ነው። በእውነተኛው ዓለም የመንገድ ጊዜ ስርጭት ወደ ቀኝ የተዘረጋ ጅራት ስላለው፣ ማለትም በጣም መፍጠን ስለማይቻል በጣም መዘግየት ግን ስለሚቻል፣ ጥንቃቄው ከዚህም ቢበልጥ እንጂ አያንስም።

ጉዞ ብዙ ክፍሎች ሲኖሩትና መዘግየታቸው እርስ በርሱ ካልተያያዘ፣ የሚደመሩት ስታንዳርድ ዲቪዬሽኖቹ ሳይሆኑ ካሬዎቻቸው ናቸው። የሦስት ክፍሎች መዋዠቅ 3፣ 4 እና 12 ደቂቃ ቢሆን የአጠቃላዩ መዋዠቅ የ9፣ የ16 እና የ144 ድምር፣ ማለትም የ169 ካሬ ሥር ይሆናል፤ ይኸውም 13 ነው። 3 የነበረውን ፈጽመን ብናጠፋው 13ቱ ወደ 12.6 ብቻ ይወርዳል። 12 የነበረውን ወደ 5 ብናወርደው ግን አጠቃላዩ ወደ 7.1 ያሽቆለቁላል። ጉዞን ለማሻሻል የሚፈልግ ሰው ገንዘቡንና ድካሙን ከሁሉ በላይ በሚዋዥቀው ክፍል ላይ ማዋል አለበት ማለት ነው። ያ ክፍል ብዙውን ጊዜ መኪና ከመኪና ጋር የሚጋፋበት መንገድ ነው።

6. የመንገደኛችን ስሌት

አሁን ወደ ጀመርነው ጥያቄ እንመለስ። የሚከተሉት ቁጥሮች ለስሌት የወሰድናቸው ግምቶች ናቸው፤ አንባቢ የራሱን ልኬት ሊተካባቸው ይችላል። መንገደኛው ትልቁ ሻንጣው በቀጥታ ወደ መጨረሻ መድረሻው ተልኮለታል፤ የመግቢያ ፈቃድም አለው እንበል።

ያለው ጊዜ፡ 360 ደቂቃ።
ከአውሮፕላን ወርዶ፣ የኢሚግሬሽን ሰልፍ አልፎ እስኪወጣ፡ 60 ደቂቃ።
ወደ አምስት ኪሎ ለመሄድ (አማካይ)፡ 25 ደቂቃ።
ለመመለስ (አማካይ ሲደመር የመዋዠቁ ሁለት እጥፍ)፡ 55 ደቂቃ።
ከበረራው በፊት ማረፊያው ውስጥ መገኘት ያለበት፡ 120 ደቂቃ።

ቀሪው 100 ደቂቃ ነው። ስለዚህ መልሳችን «አዎን፤ ይውጣ» የሚል ነው። ሙዚየሙን ጎብኝቶ አንድ ሲኒ ቡና ጠጥቶ ይመለሳል። ለመመለሻም 25 ደቂቃ ብቻ ቢይዝ ኖሮ ቀሪው 130 ደቂቃ ይመስለው ነበር፤ ነገር ግን በዚያ ስሌት የሚመሩ ሰዎች ከሁለት አንዳቸው ያህል ዘግይተው ይደርሳሉ። እነዚያ 30 ደቂቃዎች የመንገደኛው አይደሉም፤ የመንገዱ መዋዠቅ የሚወስዳቸው ግብር ናቸው።

በሁለት በረራዎች መካከል ያለው ጊዜ 5 ሰዓት ከሆነ ቀሪው 40 ደቂቃ ብቻ ይሆናል፤ 4 ሰዓት ከሆነ ደግሞ ስሌቱ ከዜሮ በታች ይወርዳል። ለእንዲህ ያለው መንገደኛ ከተማው በመስኮት የሚታይ ቢሆንም የሌለ ያህል ነው።

7. ርቀቱ 40 ኪሎ ሜትር ሲሆንስ?

ይህ ጥያቄ ለአገራችን የመጽሐፍ ልምምድ ብቻ አይደለም። የኢትዮጵያ አየር መንገድ እ.ኤ.አ. በ2024 የንድፍ ሥራ ውል የተፈራረመበት አዲሱ ግዙፍ አውሮፕላን ማረፊያ የታቀደው በቢሾፍቱ አቅራቢያ አቡሴራ በተባለ ሥፍራ፣ ከአዲስ አበባ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀት ላይ ነው። ሲጠናቀቅ በዓመት እስከ 110 ሚሊዮን መንገደኞችን እንዲያስተናግድ ታስቧል። ቦታው ከቦሌ ዝቅ ያለ ስለሆነ በመጀመሪያው ክፍል ያየነውን የሳሳ አየር ችግር ያቀላል። ለመንገደኛችን ግን ሌላ ስሌት ይከፍትበታል።

በመጀመሪያ በመኪና ብቻ የሚኬድ ነው እንበል። አማካዩ 60 ደቂቃ፣ መዋዠቁ 25 ደቂቃ ቢሆን መሄጃው 60፣ መመለሻው 110 ይሆናል። ከ360 ላይ 60፣ 60፣ 110 እና 120 ስንቀንስ የሚቀረው 10 ደቂቃ ነው። ድንቅነሽን ማየት አይታሰብም።

አሁን ደግሞ በሰዓት 120 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ ተራ ባቡር እናስብ። «ለ»ን 0.5 ሜትር በሰከንድ ካሬ ብናደርግ፣ በቀመራችን መሠረት 40 ኪሎ ሜትሩን በ21 ደቂቃ ይጨርሳል። በመንገዱ ላይ አራት ጣቢያ ቢቆም፣ ለእያንዳንዱ ከ2 ደቂቃ ትንሽ በላይ ብንጨምር፣ 30 ደቂቃ ያህል ይሆናል። ባቡሩ በየ15 ደቂቃው ሰዓቱን ጠብቆ ይነሣል፤ ከከተማው ጣቢያ እስከ ሙዚየሙ ደግሞ በታክሲ በአማካይ 10 ደቂቃ፣ መዋዠቁ 5 ደቂቃ ነው እንበል። መሄጃው 7.5 ሲደመር 30 ሲደመር 10፣ 47.5 ደቂቃ ነው። መመለሻው የታክሲው 20፣ የባቡር ጥበቃው እስከ 15፣ ጉዞው 30፣ በጠቅላላው 65 ደቂቃ ነው። ቀሪው 67 ደቂቃ ገደማ ይሆናል።

ስምንት እጥፍ የራቀው ማረፊያ መንገደኛውን ከከተማው አልነጠለውም። ይህን ያደረገው የሻንጋዩን የመሰለ ፍጥነት ሳይሆን ሰዓቱን የሚያከብር ተራ ባቡር ነው።

ባቡሩ መቼ እንደሚደርስም ወሳኝ ነው። የብዙ ኢትዮጵያውያን መኖሪያ በሆነችው በዋሽንግተን አካባቢ፣ አየር መንገዳችንም የሚያርፍበት የደለስ ማረፊያ እ.ኤ.አ. በ1962 ተከፈተ። የከተማው ባቡር ግን እዚያ የደረሰው እ.ኤ.አ. በኅዳር 2022 ነው፤ 60 ዓመት ፈጀ። በካናዳ ሞንትሪያል አቅራቢያ እ.ኤ.አ. በ1975 የተከፈተው ሚራቤል ደግሞ የታሰበለት ፈጣን ባቡር ሳይሠራለት ቀረ። የአገር ውስጥ በረራዎች በአሮጌው ማረፊያ መቅረታቸውና ሌሎች ምክንያቶች ተጨምረውበት መንገደኞች ሸሹት፤ እ.ኤ.አ. በ2004 የመንገደኛ በረራው ተቋረጠ። በአንጻሩ ሆንግ ኮንግ እ.ኤ.አ. በሐምሌ 1998 አዲሱን ማረፊያዋን ስትከፍት ባቡሩንም አብራ ከፈተች፤ ባቡሩ ከማረፊያው ተነሥቶ በ24 ደቂቃ መሀል ከተማ ይደርሳል። መንገደኞች ሻንጣቸውን እዚያው ከተማ ውስጥ በሚገኝ ጣቢያ አስረክበው ባዶ እጃቸውን እንዲጓዙም ታስቦ የተሠራ ነበር።

የእኛ የቀላል ባቡር መስመሮች እ.ኤ.አ. በ2015 ሥራ ሲጀምሩ አንዳቸውም እስከ ቦሌ ተርሚናል አልደረሱም። ከተማው ቅርብ ስለሆነ ጉድለቱ ብዙም አልታየ ይሆናል። 40 ኪሎ ሜትር ላይ ግን እንዲህ ያለው ጉድለት አይሸሸግም። የሚነካውም ጎብኚውን ብቻ አይደለም። ከዓረብ አገሮች ተመልሶ ወደ ክፍለ ሀገር አውቶቡስ የሚሻገረው ሠራተኛ፣ ለሕክምና የሚጓዘው ሕመምተኛ፣ በየቀኑ ወደ ማረፊያው ሥራ የሚመላለሰው ሠራተኛ ሁሉ ያንኑ ግብር በየጉዟቸው ይከፍላሉ።

8. ማጠቃለያ

ለአጭር ጊዜ ለሚጎበኝ ሰው ከተማን የሚያርቀው ትልቁ ነገር አስቀድሞ የማይታወቅ ደቂቃ መሆኑን ተመልክተናል። ፍጥነት ከተወሰነ ደረጃ በኋላ የሚያተርፈው ጥቂት ነው፤ የተዛባ ሥርዓት ጥበቃን ያረዝማል፤ መዋዠቅ ደግሞ መመለሻውን ይውጠዋል። ስለሆነም አንድ ጉዞ ሲታቀድ «በአማካይ ስንት ደቂቃ ይፈጃል?» ብለን ብቻ ሳንቆም «በክፉ ቀኑስ ስንት ይሆናል?» ብለን መጠየቅ ይገባናል።

መልመጃ

ሀ. አውቶቡስ በ6 እና በ24 ደቂቃ ልዩነት እየተፈራረቀ ቢመጣ አማካይ ጥበቃው ስንት ይሆናል? በእኩል ልዩነት ቢመጣስ?

ለ. «ለ» 0.5 ሜትር በሰከንድ ካሬ ቢሆን፣ 20 ኪሎ ሜትር ለመጓዝ ከፍተኛ ፍጥነቱ 80 ኪሎ ሜትር በሰዓት የሆነ ባቡር ምን ያህል ይፈጅበታል? 160 ቢሆንስ? ፍጥነቱ በእጥፍ ሲያድግ ጊዜው በግማሽ ይቀንሳልን?

ሐ. ከቤታችሁ እስከ ትምህርት ቤታችሁ የሚፈጅባችሁን ጊዜ ለ20 ቀናት በደቂቃ መዝግቡ። አማካዩንና ስታንዳርድ ዲቪዬሽኑን አስሉ። ከ20ው ቀን ስንቱ ከአማካዩና ከመዋዠቁ ሁለት እጥፍ ድምር በላይ ሆነ? ለፈተና ቀን ስንት ሰዓት ላይ ከቤት መውጣት እንዳለባችሁ ከዚህ ወስኑ።

መልስ፡ ሀ. 10.2 ደቂቃ፤ በእኩል ልዩነት 7.5 ደቂቃ። ለ. 15 ደቂቃ ከ44 ሰከንድ ገደማ፤ 9 ደቂቃ ገደማ፤ በግማሽ አይቀንስም። የ«ሐ» መልስ በእናንተው ማስታወሻ ደብተር ውስጥ ይገኛል።